በልምምድ የማይነገሩ ሁለት ስንኞች

ኦልድሃም፣ ዲሴምበር 28 ቀን 1926

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለአምብሮዝ ግሪምሾ፣ ሜልበርን

ጤና ይስጥልኝ፤ እናቴም እጅ ትነሳለች። የቀረውን ሰላምታ ወደ ታች አደርሳለሁ፤ አሁን ብጀምረው እጄ አይታዘዘኝም።

ነገሩ የተበላሸው ዊልፍሬድ ሆልሮይድ የሚጫወታትን የአሮጊቷን የወይዘሮ ፑዲንግን ቀሚስ በሁለት እጁ ሰብስቦ፣ ወደ መድረኩ ጠርዝ ወጥቶ አፉን በከፈተበት ቅጽበት ነው። የገና ማግስት ነበር፣ የመጀመሪያው ቀን። ቲያትር ቤቱ እስከ ላይኛው ሰገነት ሞልቷል። ፈትል ፋብሪካዎቹ ተዘግተው ሕዝቡ ከነልጆቹ፣ ከነብርቱካኑ መጥቷል። ሠርጉ ተሠርጓል፣ ክፉው ባሮን ጥላሸት ተሸንፏል፣ ሁሉም አጊጠው በደረጃው ወርደዋል። የቀሩት የመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች ብቻ ነበሩ።

እነዚያን ሁለት ስንኞች በልምምድ ማንም አፉ ላይ እንደማያመጣቸው ለእርስዎ አልነግርዎትም። ሕዝብ ሳይሰማቸው ከተነገሩ ጨዋታው ይወድቃል ሲባል እየሰማን ያደግነው በአንድ ቤት ነው። ዊልፍሬድ በልምምድ እዚያ ቦታ ሲደርስ «ላ ላ ላ፣ ላ ላ ላ» ብሎ እጅ ይነሳ ነበር። እኔ የጻፍኩትን ግን ያውቃል፤ በእጄ ሰጥቼዋለሁ።

የጨረቃዋ ደወል ሲደወል የሰማ፣
ቤቱ ይግባ በሰላም፣ አይይዘው ጨለማ።

እሱ የተናገረው ይህን ነው፤

ተረታችን አለቀ፣ ሕዝቡም ሳቅ ጠገበ፤
ጸሐፊው አምብሮዝ ነው፣ ማዶ ሆኖ ያሰበ።

እኔ የቆምኩት በስተቀኝ፣ መልካሟ መንፈስ በምትገባበት በኩል ከመጋረጃው እጥፋት ውስጥ ነበር። ሕዝቡ ጣሪያውን ሊያፈርስ ደረሰ። እናቴ ከፊተኛው ረድፍ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። እኔም እንደ ሁሉም ሰው እያጨበጨብኩ ነበር። እጄ ከልማድ ቀድሞ ጀምሯል፤ ጆሮዬ የሰማውን ልቤ የደረሰበት ከዚያ በኋላ ነው።

«ጄምና የጨረቃዋ ደወል»ን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አባቴ ከሞተ በኋላ የሚጽፍ ስለጠፋ፣ ዩኒቨርሲቲውን እንደጨረስኩ ክረምቱን ሙሉ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩት። ከእርስዎ የመጣው ቃል «ላም ይኑርበት፣ ላም ሁልጊዜ ያስቃል» የሚል ብቻ ነው። ላሟንም አስገባሁ። በማስታወቂያው ላይ የጸሐፊው ቦታ ባዶ የቀረው በስህተት መስሎኝ ነበር።

ጨዋታው እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይቆያል። ማስታወቂያው በስሜ እንዲታረም ለዊልፍሬድ በቴሌግራም ይንገሩት። ደብዳቤዬ ሲደርስዎ የሚቀረው ጥቂት ቀን ነው፤ ለጥቂት ቀንም ቢሆን ይታረም።

ያስቀረሁት ሰላምታ ይኸው። ለቤትዎ ሁሉ ደህንነት ይሁን።

የወንድምዎ ልጅ
ሄስተር


ሜልበርን፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1927

ለውድ የወንድሜ ልጅ ለሄስተር

የጌታ ቸርነት አንቺንም እናትሽንም ይጠብቃችሁ፤ የአባትሽን ነፍስ በሰላም ያሳርፍልን። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ገና የሚውለው በሐሩር ወር ነው። ከዊጌ ሥር ላቡ እየወረደ፣ ስለ በረዶ እየዘፈንኩ፣ አሮጊት ሆኜ ስጫወት ከረምኩ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ትምህርት ቤት ብዙ የቆየ ሰው ደብዳቤ ነው።

እስቲ ልጠይቅሽ። ቅድመ አያቴ ኢኖክ ግሪምሾ ፊቱን ነጭ ቀብቶ በየገበያው ድንኳን ሲገለባበጥ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ያንን ጨዋታ ማን ጻፈው? ማንም። ኢኖክ በእግሩ ጻፈው። ልጁ ወረሰው፣ የልጅ ልጁ ወረሰው፣ እንዲህ እየሆነ እኔ ጋ ደረሰ። የኛ ጨዋታ የአንድ ሰው አይደለም፣ የቤት ነው። ቤቱ ስም አለው፤ ስሙን ዛሬ የያዝኩት እኔ ነኝ። አንቺ ወረቀት ላይ አሰፈርሽው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እጅሽ ይባረክ። ላሟን ግን ማን አመጣት?

ደግሞ ነገር አትቀላቅዪ። በመድረካችን ሴት የወንድ ቦቲ ጫማ አጥልቃ ወንዱን ጀግና ትሆናለች፣ ጭኗን ትመታለች፣ ወንድ ቀሚስ ለብሶ ባል ይፈልጋል። ያ ሁሉ ለሳቅ ነው። ማስታወቂያ ለሳቅ አይደለም። ሰው ግሪምሾ ሲል የሚያስበው ወንድ ነው። እኔ አላመጣሁትም፣ ልማድ ነው።

አዳራሹ በየሳምንቱ እንዴት ነበር? ዊልፍሬድ ደብዳቤ አይጽፍም። የሚመጣውን ዓመት ጨዋታ ጽፈሽ ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ እናንተም እኛም በአንድ ቀን እንከፍታለን። የአክስቴን የታቢታን ቦቲም በዚያው መርከብ ስደጂው። እዚህ የወንዱን ልጅ የምትጫወተው ልጅ እግሯ ትንሽ ነው፤ እዚያ ቤት ለማንም ልክ አይሆንም።

የምትኖሩበት ቤቴ ጣሪያ አሁንም ያፈሳል? ቤቱን እንዳልረሳሁት ለእናትሽ ንገሪልኝ።

አጎትሽ
አምብሮዝ ግሪምሾ


ኦልድሃም፣ ኤፕሪል 3 ቀን 1927

ይድረስ ለአጎቴ ለአምብሮዝ ግሪምሾ

ለጉልበትዎ ፈውስ እመኛለሁ። አዳራሹ እስከ መጨረሻው ቀን ሙሉ ነበር። ማስታወቂያው አልታረመም።

ኢኖክ ያልተናገረው የሚናገረው አጥቶ አይደለም። በዚያ ዘመን መድረክ ላይ እንደ ልብ መናገር የተፈቀደው የንጉሥ ፈቃድ ለነበራቸው ጥቂት ቤቶች ብቻ ነው፤ ሌላው ይዝፈን፣ ይገለባበጥ፣ አፉን ግን ይዝጋ የሚል ሕግ ነበር። ሕጉ ሲሻር ከግሪምሾዎች መጀመሪያ የተናገረው የራሱ ልጅ ነው። ሕዝቡም «ዝም ብለህ ተገልበጥ» እያለ የብርቱካን ልጣጭ ወረወረበት። ይህን ከእርስዎ እኩል ሰምቼዋለሁ። አፉ የታሰረ ሰው ዝምታ እንዴት ውርስ ይሆናል? እኔንስ እንዴት ዝም ያሰኘኛል?

የአባቴ አክስት ታቢታ መጀመሪያ ቦቲውን ባጠለቀችበት ዓመት ደግሞ ሰባኪዎች በራፋችን ላይ ቆመው እግሯን ሲሰድቡ ዋሉ። ከሰገነቱም እንደ እባብ እስስስ አሉባት። አባቴ እንደነገረኝ እርስዎ ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው አልቅሰውላታል። ዛሬ ልማድ ብለው የሚጽፉልኝ ያንኑ ነው። ልማድ ማለት አንድ ሰው መጀመሪያ የተሰደበበት ነገር ከሆነ እኔም ለመሰደብ ዝግጁ ነኝ።

ዊልፍሬድን በመልበሻ ክፍሉ አግኝቼዋለሁ። የመጨረሻው ቀን ነበር፣ ወገብ ማጥበቂያ ኮርሴቱን እየፈታ ነው። የተባባልነውን ከሌላ ሰው ከሚሰሙት እኔው ልጻፍልዎ።

«ጋሼ ዊልፍ፣ የኔን ስንኞች የት ጣልካቸው?» አልኩት።

«የት እጥላቸዋለሁ፣ ኪሴ ገቡ። ወይዘሮ ፑዲንግ ኪስ ባይኖራትም።»

«ቀልዱን ተወው።»

«ሠላሳ ዓመት ቀልጄ የበላሁ ሰው ነኝ፣ ተወው ትይኛለሽ። እሱ ጻፈልኝ፣ እኔ ተናገርኩ። ቀጣሪዬ እሱ ነው ወይስ አንቺ?»

«ማን እንደጻፈው ግን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ እንጂ። አብሬሽ ስለማመድ አልነበር እንዴ? ማወቅ ምን ይሠራል? ስሚኝ ልጄ፣ አንቺ ዲግሪ አለሽ። አስተምሪ። ባል አግቢ።»

«ቀሚስ ለብሰህ ነው ባል አግቢ የምትለኝ?»

«እኔማ በየማታው አገባለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሁለቴ።»

ያን ጊዜ አፏጨሁ። እዚያው መልበሻ ክፍል ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ። ፊቱ ከነቀለሙ አመድ መሰለ።

«ውጪ» አለኝ። «ውጪና ሦስት ጊዜ ዞረሽ አንኳኪ። ሰው ልትጨርሺ ነው? ከላይ አንድ ነገር ይወድቅብናል።»

«ፉጨት የሚያስፈራው ገመድ ጎታቾቹ መርከበኞች የነበሩ ጊዜ ነው፤ መጋረጃና ዕቃ ከላይ የሚያወርዱት በፉጨት እየተጠራሩ ስለነበር። አሁን ገመዱን የሚይዘው ጆ ነው፣ እሱ ደግሞ ጆሮው አይሰማም።»

«ሄስተር፣ ውጪ አልኩሽ።»

ወጣሁ። አልዞርኩም፣ አላንኳኳሁም።

ቦቲው አይመጣም። አዲሱ ጽሑፍም፣ ስሜ በማስታወቂያው ላይ እንደሚወጣ በእጅዎ ጽፈው ካልላኩልኝ አይመጣም። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል።

ሄስተር ግሪምሾ


ሜልበርን፣ ሜይ 29 ቀን 1927

ለልጄ ለሄስተር

ሰላምና ጤና ከአንቺ ጋር ይሁን። ቁጣሽ አባትሽን አስታወሰኝ፤ እሱም እንዲህ ሲነድ ይቆይና በማግስቱ ረስቶት ይመጣ ነበር።

ስምሽ በማስታወቂያው ላይ ይወጣል። ይኸው በእጄ ጻፍኩልሽ፣ ቃሌ ነው። የት እንደሚቀመጥ ለእኔ ተዪልኝ፤ ማስታወቂያ ማሳመር የልጅ ሥራ አይደለም። ጽሑፉን በሚቀጥለው መርከብ ላኪ። ስለ ቦቲው አሁን አልጨቀጭቅሽም፣ ግን አስቢበት።

ዊልፍሬድ አፏጨች ብሎ ጻፈልኝ። ለካ መጻፍ ይችላል። በመድረካችን ከግራ በኩል የሚገቡት ክፉዎቹ እንደሆኑ ታውቂያለሽ፤ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ሕዝቡ እስስስ ይላቸዋል። ከዚያ በኩል አትግቢ፣ ልጄ። እዚያ ከገቡ በኋላ መመለስ ይከብዳል።

ለጣሪያው ሠራተኛ እንዲመጣ ላዝዝ ነው። እስቲ መጀመሪያ ጽሑፉ ይድረሰኝ።

አምብሮዝ


ኦልድሃም፣ ኖቬምበር 6 ቀን 1927

ይድረስ ለአቶ አምብሮዝ ግሪምሾ

እንደምን ከረሙ? ጽሑፉን በጁላይ ልኬልዎ ነበር። ለጣሪያው ማንም አልመጣም፣ ለእኔም ከእርስዎ አንድ መስመር አልመጣም። የዝምታዎ ትርጉም ዛሬ ጠዋት መንገድ ላይ ገባኝ።

ዓሣና ድንች ጠባሹ ሱቅ አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ሲለጥፉ ደረስኩ። ሙጫው ገና አልደረቀም። «የሸማኔው ልጅና የነፋሱ ንጉሥ፤ የአምብሮዝ ግሪምሾ አዲስ ድርሰት» ይላል፣ ክንድ በሚያህል ፊደል። ስሜን ፈለግሁ። ከተዋናዮቹ በታች፣ ከዊግ ሠሪው በታች፣ ከጫማ ሰፊው በታች፣ ከላሟ የኋላ እግሮች በታች አገኘሁት። «በንጹሕ የገለበጠችው፤ ሚስ ኤች. ግሪምሾ።»

በላሟ ቆዳ ውስጥ ገብቶ የኋላ እግሮቿን የሚሆነው ሃሪ ነው። ደግ ሰው ነው፣ ከላዬ መጻፉ አያስከፋኝም። እሱ የሆነውን ነው የተጻፈለት። የእኔን ግን እርስዎ ያውቁታል።

ቃልዎን ጠብቀዋል። ስምሽ ይወጣል አሉ፣ ወጣ። አጠገቤ የቆመችው የፋብሪካ ሴት ስታነብ ቆይታ «የኔ እመቤት፣ የእጅ ጽሕፈትሽ ያምራል ማለት ነው» አለችኝ። አመሰገንኳት። ሌላ ምን እላታለሁ?

ሁለት ነገር ላሳውቅዎ። አንደኛ፣ የወንዱን ልጅ የምትጫወተው ሚስ ፈርነስ ወደ ብላክፑል ከተማ ሄዳለች። ዊልፍሬድ ምትክ አጥቶ ሲለምነኝ ቦታዋን ያዝኩ። የታቢታን ቦቲ አጠለቅሁት። ለማንም ልክ አይሆንም ብለው ነበር፤ ለእኔ ልኬ ነው።

ሁለተኛ፣ በላክሁልዎ ጽሑፍ ውስጥ የመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች የሉም። ገልብጠው እንዳይፈልጓቸው ነው የምነግርዎ። ልማድ ይወዳሉ፤ እኔም ልማዱን ጠበቅሁ።

ሄስተር ግሪምሾ


ቴሌግራም፣ ከሜልበርን፣ ዲሴምበር 14 ቀን 1927

ሰላም ለሁላችሁ። ማስታወቂያው አይቀየርም። መጨረሻውን የሚናገረው ዊልፍሬድ ነው፣ ቃሉን ልኬለታለሁ። አንቺ ተጫወቺና ዝም በይ። እምቢ ካልሽ ቤቱን ከነእናትሽ በዓመቱ መጨረሻ ልቀቂ። ያሰብሻቸውን ሁለት ስንኞች በመልስ ቴሌግራም አሳውቂኝ። አምብሮዝ።


ኦልድሃም፣ ዲሴምበር 27 ቀን 1927

ይድረስ ለአቶ አምብሮዝ ግሪምሾ

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ሰላም አላለችም፤ ዕቃ እየጠቀለለች ነው።

ለቴሌግራምዎ ያልመለስኩት ረስቼ አይደለም። ሁለቱን ስንኞች ከመጀመሪያው ቀን በፊት ማንም አይሰማቸውም፣ እርስዎም ጭምር። አሁን የመጀመሪያው ቀን አልፏል፤ ልነግርዎ እችላለሁ።

ትናንት ቤቱ ሙሉ ነበር። ነገሩ ሁሉ እንደተጻፈው ሄደ። ላሟ አሳቀች፣ የነፋሱ ንጉሥ ተሸነፈ፣ ሁሉም ለሠርጉ በደረጃው ወረዱ። እኔ ጀግናው ስለሆንኩ ከቀኝ መግባት ነበረብኝ። በግራ ገባሁ። ሕዝቡ ማን እንደገባ እንኳ ሳያይ እስስስ አለብኝ። ከሰገነቱ አንድ ልጅ «ኧረ ጀግናው ነው፣ በር ተሳስቶ ነው» ብሎ ጮኸ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እንዳሉት ነው፣ በዚያ በኩል ሲገቡ ይሰደባሉ። እንዳሉት ግን መመለስ አይከብድም። ወደ መሐል የሚወስደው ጥቂት እርምጃ ነው።

ዊልፍሬድ ቀሚሱን በሁለት እጁ ሰብስቦ ወደ ጠርዙ ወጣ።

ነፋሱ ተመለሰ፣ ዝናቡም አባራ፤
አምብሮዝ ነው የጻፈው፣ እንዳትረሱ አደራ።

ጭብጨባው ሳይጀምር አጠገቡ ደረስኩ። እግሬን ከፈት አድርጌ ቆምኩ፣ ቦቲውን በመዳፌ መታሁት።

«ኧረ እሱ አልጻፈውም» አልኩ።

ዊልፍሬድ ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። ሕዝቡ የተሳሳትኩ መስሎት ያጨበጭባል፣ መጋረጃው ይወርዳል። ሠላሳ ዓመት ወይዘሮ ሆኖ የኖረ ሰው ግን «አልጻፈውም» ሲባል ዝም ማለት አይሆንለትም፤ ከሕዝቡ ጋር «ኧረ ነው»፣ «ኧረ አይደለም» መባባል የጨዋታችን የድሮ ወግ ነው። አፉ ቀደመው።

«ኧረ ጽፎታል» አለ።

ያለውን ያወቀው ካለው በኋላ ነው። ዓይኑን አየሁት። እጁን ወደ አፉ ሲያነሳ ጊዜ አልፎ ነበር፤ ከታች እስከ ሰገነቱ ድረስ ቤቱ ሁሉ፣ ሸማኔው፣ ፈታዩ፣ ቄሱ፣ ጡት የሚጠባው ሳይቀር፣ በአንድ ድምፅ «ኧረ አልጻፈውም» አለው። ዊልፍሬድ ዘወር ሊል ሞከረ። አልቻለም። ሕዝብ እንዲያ ሲለው መልስ ካልሰጠ ይታመማል። «ኧረ ጽፎታል» አለ ደግሞ፣ ቀሚሱን እያራገበ። እነሱም መለሱለት፣ ከፊተኛው ይልቅ በርትተው። ሦስት ጊዜ እንዲህ ተባባሉ። ከዚያ ከላይ አንዲት ሴት፣ ድምፅዋ የፋብሪካ መኪና ላይ መጮህ የለመደ፣ «ታዲያ ማን ጻፈው?» አለች።

ወደ ሰገነቱ ቀና አልኩ። እኔም ተናገርኳቸው።

ድሩን ያደራችው፣ ማጉን ያቀለመች፣
ሄስተር ግሪምሾ ናት፣ ፊታችሁ የቆመች።

ስለ ጭብጨባው አልጽፍልዎም። ጆሮ የማይሰማው ጆ እንኳ ገመዱን ይዞ ወደ እኔ ሲመለከት ነበር። መጋረጃውን ለማውረድ ዘገየ።

ከመጋረጃው ጀርባ ዊልፍሬድ ያዘኝ።

«ጉድ ሠራሽኝ» አለኝ።

«እኔ አንድ ጊዜ ነው የተናገርኩት ጋሼ። የቀጠልከው አንተ ነህ።»

«አውቃለሁ። ይሄ ውሻ አፌ ነው።» ዊጉን አውልቆ ራሱን አከከ። «ነገም እንዲሁ ልትይ ነው?»

«ነገም፣ ከነገ ወዲያም። ከከለከልከኝ አልጫወትም፣ አንተም ጀግና ፈልግ።»

«ሳቁ ግን» አለ፣ «እግዜር ያሳይሽ፣ እንዲያ ያለ ሳቅ ስንት ዘመኔ።» ዛሬም «ኧረ ጽፎታል» አለ፣ በገዛ ፈቃዱ። አሁን የጨዋታው አካል ሆኗል። በሚመጣው ዓመት እዚህ ከተማ ልማድ ነው ይሉታል።

ቤቱን እንለቃለን። ወይዘሮ ኦግደን፣ ልብስ ሰፊያችን፣ ከሱቋ በላይ ሁለት ክፍል ሰጥታናለች። ቁልፉን ለዊልፍሬድ እተዋለሁ። ዝናቡን የሚቀበሉትን ባልዲዎች በየቦታቸው ትተናቸዋል፤ የቤቱ ናቸው። ቦቲው የእርስዎም የቤቱም አይደለም፣ እግሬ ላይ ነው። ለሚመጣው ዓመት የምጽፈውን የሚፈልግ ቢኖር፣ እርስዎም ይሁኑ ሌላ ሰው፣ መጀመሪያ የሚያሳየኝ የማስታወቂያውን ረቂቅ ነው።

ደብዳቤ ቢጽፉልኝ አነባለሁ፣ እመልሳለሁም። ያሳደገኝ ቤት ስም የእርስዎ ብቻ ስላልሆነ ልረግመው አልፈልግም። ነገር ግን ይህን ይወቁልኝ። ከላሟ እግር በታችም ሆነ በላይ ገልባጭ ተብዬ መጻፍን ከእንግዲህ አልቀበልም። በጣሪያ ጥገና እየተባበልኩ ዝም በይ መባልን አልቀበልም። ያለቀሱለትን ረስተው «ልማድ ነው» ሲሉኝ እንደ መልስ አልቆጥረውም። የእኔን ቃል ሌላ ሰው የራሱ አድርጎ ሲናገር ደግሞ፣ ከእንግዲህ ከመጋረጃ እጥፋት ውስጥ ቆሜ አላጨበጭብም።

ሄስተር ግሪምሾ